ሀ ብዬ መተንፈስ የተማርኩበት ሌሊት

የአባቴን መርዶ የሰማሁት ሆኖሉሉ ነው። አራስ ስለነበርኩ ቤተሰቦቼ ሦስት ሳምንት ደበቁኝ። አንድ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ባለቤቴና ሁለት የአገራችን ሰዎች ሳሎን ውስጥ ቆመው አገኘኋቸው። ማንም ሳይናገር ገባኝ። ደሴ ላይ ቀብሩ አልቆ፣ ሰልስቱ ወጥቶ፣ ድንኳኑ ፈርሶ ነበር። የእኔ ለቅሶ ግን ያን ቀን ጀመረ።

ባለቤቴ የአሜሪካ ጦር ውስጥ ነው የሚሠራው። ኦዋሁ ደሴት መሀል ወዳለው ስኮፊልድ ባራክስ ስለተመደበ ነው ሃዋይ የመጣነው። ሃዋይ ሲባል ለሰው የሚታየው የባህር ዳርቻና የአበባ ጉንጉን ነው። ለእኔ ግን ከአገር ቤት ጋር ያለው የ13 ሰዓት ልዩነት ነው። እናቴ የጠዋት ቡናዋን ስታፈላ እኔ ጋ ገና ያለፈው ቀን ማታ ነው። አብረን የምናለቅስበት ሰዓት እንኳ አይገጥምልንም ነበር።

የወሊድ ፈቃዴ ሲያልቅ ወደ ሥራ ተመለስኩ። በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት የሌሊት ፈረቃ እሠራለሁ። ነገሩ የጀመረኝ እዚያ ነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ኮሪደሩ ጭር ሲል፣ ድንገት ደረቴ ይታፈናል። ልቤ ይደልቃል። መዳፌን ያልበኛል። ትንፋሼ ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል እንጂ ወደ ውስጥ አይወርድም። አሁን ልሞት ነው እላለሁ። ከዚያ ቀስ እያለ ይተወኛል። በማግሥቱ ደግሞ ያው ነው።

አንድ ሌሊት ባሰብኝና ድንገተኛ ክፍል ሄድኩ። ኢሲጂ የሚባለውን የልብ ምርመራ ተነሣሁ፣ ለምርመራ ደም ሰጠሁ፣ ራጅ ተነሣሁ። ልብሽም ሳንባሽም ደህና ነው አሉኝ። ሐዘን፣ እንቅልፍ ማጣትና ድካም ያመጡት ጭንቀት ነው ተባልኩ። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ በምክንያት ነው። ደረቱን የሚያመው ወይም ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው መጀመሪያ ሐኪም ይየው። እኔ ከዚህ በታች የምጽፈውን የተማርኩት ሐኪም ካየኝ በኋላ ነው።

ከማስታምማቸው ሰዎች አንዷ ሰማንያን ያለፉ የሃዋይ ተወላጅ ነበሩ። ሃዋይ ውስጥ ትልቅ ሰው ዝም ብሎ በስሙ አይጠራም። ዘመድ ሆነም አልሆነም ሴቷ «አንቲ»፣ ወንዱ «አንክል» ይባላል። እኛ እማማ፣ አባባ እንደምንለው ማለት ነው። እኔም አንቲ ነበር የምላቸው። በወጣትነታቸው የሁላ ውዝዋዜ የተማሩ፣ ኦሊ የሚባለውን የጥንት ዜማ የሚያወርዱ ሴት ነበሩ። እግራቸው ከድቷቸዋል። ድምፃቸው ግን ክፍሉን ይሞላል።

ያን ሌሊት ትራስ ላስተካክልላቸው ገብቼ እጄ ሲንቀጠቀጥ አዩኝ።

«ልጄ፣ ትንፋሽሽን የት ጣልሽው?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። አልጋቸው አጠገብ ያለው ወንበር ላይ እንድቀመጥ አዘዙኝ። ጫማሽን አውልቂ አሉ። ውስጥ እግሬ ቀዝቃዛውን ወለል ነካ። ቀኝ እጄን ያዙና ከእምብርቴ ትንሽ ዝቅ አድርገው ሆዴ ላይ አኖሩት። «ከዚህ ነው» አሉ። ከዚያ በቋንቋቸው ቀስ ብለው ቆጠሩልኝ። ኤካሂ፣ ኤሉዋ፣ ኤኮሉ፣ ኤሃ። እስኪቆጥሩ ድረስ በአፍንጫዬ አየር አስገባሁ። አራት ላይ ሲደርሱ አፋቸውን ከፈት አድርገው «ሃአአአ» አሉ። ጩኸት አይደለም። መስታወት ለመወልወል እፍፍ ሳይሆን «ሃ» ብለን ሙቅ ትንፋሽ እንደምንጥልበት ዓይነት ነው። የእሳቸው ሄደ፣ ሄደ፣ ሄደ። የእኔ ሁለት ሳይቆጠር አለቀ። አልገሠጹኝም። «እንደገና» አሉ ብቻ።

በአራተኛው ላይ ትከሻዬ ወረደ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ትከሻዬ ጆሮዬ ሥር ተሰቅሎ እንደከረመ አላወቅሁም ነበር። ሁሉም ነገር ለቀቀኝ ማለት አልችልም። ግን ትንፋሼ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ታች ወረደ፤ ሆዴ ላይ ያለው እጄ ከፍ ዝቅ ሲል አየሁት። ከዚያ እንባዬ መጣ። አንቲ ምንም አላሉም። እጃቸውን እጄ ላይ ጫን አድርገው መተንፈሳቸውን ቀጠሉ።

ሃ በሃዋይኛ ትንፋሽ ማለት ነው። አራት ማለትም ነው። ስለዚህ ሲቆጥሩ «ኤሃ» ብለው የሚያበቁበት ቦታ ላይ ነው «ሃ» ብለው የሚጀምሩት። የእኛም ፊደል በሀ ነው የሚጀምረው። እኔ የኔታ ፊት ቁጭ ብዬ ሀ ያልኩት በአምስት ዓመቴ ነው። በሠላሳ አራት ዓመቴ ደግሞ ውቅያኖስ መሀል ባለች ደሴት ላይ፣ ሌላ የኔታ ፊት፣ እንደገና ሀ አልኩ።

ከዚያ በኋላ አንቲ እንቅልፍ ባጡ ቁጥር፣ እኔም ሥራ ሲቀለኝ፣ እየገባሁ እቀመጥ ነበር። ሃ ለእነሱ ለብቻው ተነጥሎ የቆመ የመዝናኛ ዘዴ እንዳልሆነ የገባኝ ያኔ ነው። በሰላምታቸው ውስጥ አለ። ሆኒ ይሉታል፤ ግንባር ለግንባር፣ አፍንጫ ለአፍንጫ ገጥመው አንድ ላይ አየር ይስባሉ። የኒውዚላንድ ማኦሪዎችም ተመሳሳይ ሰላምታ አላቸው። በዜማቸው ውስጥም አለ። ኦሊ የሚያወርድ ሰው ረጅሙን ስንኝ በአንድ ትንፋሽ ይዞት መዝለቅ አለበት። ይሄ የእኛን መሪጌቶች አስታወሰኝ። ልጅ ሆኜ ማኅሌት ቆሜ፣ አንዷን ፊደል ይዘው ዜማውን ሲስቡት ሲስቡት፣ እነዚህ ሰዎች መቼ ነው የሚተነፍሱት እል ነበር።

አንድ ሌሊት የነገሩኝን ግን እስክሞት አልረሳውም። በድሮ ጊዜ አንድ ሊቅ፣ የዜማም ይሁን የሕክምና፣ መሞቻው ሲደርስ የመረጠውን ተማሪ አስጠግቶ ሃውን አፉ ውስጥ ይተነፍስለት ነበር። ዕውቀቱና ኃይሉ በትንፋሹ ይተላለፋል ብለው ያምናሉ። ይህን ስሰማ አንዳች ነገር ጉሮሮዬን ያዘኝ። እኔ አባቴ ሲያርፍ አጠገቡ አልነበርኩም። እስትንፋሱ ስትወጣ እጁን አልያዝኩም። ወራቱን ሙሉ ውስጥ ውስጤን ሲበላኝ የነበረው እሱ ነበር፤ ለባለቤቴም አልነገርኩትም። ለአንቲ ነገርኳቸው። ረጅም ሰዓት ዝም አሉ።

«ሕፃን ሳለሽ አቅፎሽ አልተኛም?» አሉኝ።

«ተኝቷል» አልኩ።

«እንግዲያው ሃውን ያኔ ሰጥቶሻል። መጨረሻውን አላየሁም ብለሽ አትቃጠይ።»

መጽሐፍ ቅዱስም እግዚአብሔር ሰውን ከምድር አፈር አበጅቶ በአፍንጫው የሕይወት እስትንፋስን እፍ እንዳለበት ይነግረናል። ስለዚህ የአንቲ ነገር እንግዳ አልሆነብኝም። እምነቴ የማይፈቅደው ነገር ውስጥ እየገባሁ ይሆን ብዬ የተጨነቅሁበት ጊዜ ግን ነበር። ብዙ ሰው ይህን ስለሚጠይቀኝ የራሴን ልንገራችሁ። የእነሱን ጸሎት አልወሰድኩም። የወሰድኩት አተነፋፈሱን ነው። እኔ ትንፋሼን ሳወጣ በልቤ «እግዚኦ መሐረነ» እላለሁ። ይህን ለአንቲ ስነግራቸው ደስ አላቸው።

እዚህ ላይ ስለ አንቲ ሰዎች ትንሽ ልበል፤ ምክንያቱም ነገሩን ሰዎቹን ሳያውቁ መውሰድ ልክ አይመስለኝም። የሃዋይ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1893 ተገለበጠ፤ ንግሥት ሊሊኡኦካላኒም ዙፋናቸውን አጡ። በ1896 ትምህርት በእንግሊዝኛ ብቻ እንዲሆን ተደነገገ። የአንቲ እናት ትምህርት ቤት ውስጥ ሃዋይኛ በተናገሩ ቁጥር ይገረፉ ነበር። ለልጃቸው ቋንቋውን ያስተማሩት በሹክሹክታ ነው። ሃዋይኛ ከእንግሊዝኛ እኩል የመንግሥት ቋንቋ የሆነው በ1978 ነው። አንቲ ለእኔ እስከ አራት ሲቆጥሩልኝ፣ እያንዳንዷ ቃል በዱላ መሀል አልፋ የመጣች ናት።

ለዚህ ነው ቀጥሎ የምነግራችሁ ያሳዘነኝ። ትንሽ ሲሻለኝ ጓጓሁና ኢንተርኔት ላይ «የካሁናዎች ጥንታዊ ምስጢር» የሚል ሥልጠና ገዛሁ። ካሁና ማለት በሃዋይኛ ባለሙያ፣ ሊቅ ማለት ነው። አሠልጣኙ በፍጥነት፣ በጥልቀት፣ ደጋግሞ መተንፈስ ኃይል ይሰጣል አለ። ሳሎን ውስጥ ቆሜ ሠላሳ ጊዜ ያህል አከታትዬ ተነፈስኩ። ጣቶቼን ወረረኝ። ከንፈሬ ደነዘዘ። ቤቱ ዞረብኝና ሶፋው ላይ ወደቅሁ። ልጄ አጠገቤ ምንጣፉ ላይ ነበረች። እሷን አቅፌ ቢሆንስ ኖሮ እያልኩ ዛሬም እደነግጣለሁ።

የሆነው ይሄ ነው። በፍጥነት ስንተነፍስ ከደማችን ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከመጠን በላይ ይወጣል። ያኔ ወደ አንጎል የሚሄዱ የደም ሥሮች ይጠባሉ። ማዞሩም መወረሩም ከዚያ ነው የሚመጣው። ኃይል አይደለም። የጭንቀት ሕመም ላለበት ሰው ደግሞ ልክ ሕመሙ የተነሣ ነው የሚመስለው።

ለአንቲ ስነግራቸው አዘኑ። «ይሄንን አያቴ አታውቀውም» አሉ። በኋላ ራሴ ሳነብ ገባኝ። «ሁና» በሚል ስም የሚሸጠው አብዛኛው ነገር ከሃዋይ ሊቃውንት የወረደ አይደለም። ማክስ ፍሪደም ሎንግ የሚባል አሜሪካዊ መምህር እ.ኤ.አ. በ1917 ሃዋይ መጥቶ ኖረ። ከዚያ በ1930ዎቹ የራሱን ሐሳብ በሃዋይኛ ቃላት እያለበሰ ማስተማር ጀመረ። ሁና ቃሉ ሃዋይኛ ነው፤ የተደበቀ ማለት ነው። ትምህርቱ ግን የእሱ ነው። አሎሃም «የሕይወት ትንፋሽ» ማለት ነው ሲባል ትሰሙ ይሆናል። ውብ አባባል ነው፤ ብዙ የሃዋይ ሰዎችም ይወዱታል። የቋንቋ ሰዎች ግን አይስማሙም። ማኦሪዎች አሮሃ፣ ሳሞአዎች አሎፋ ይሉታል፤ ሁሉም ጋ ፍቅር ማለት ነው። ይህን የምላችሁ ነገሩን ላጣጥል አይደለም። ረጅም ትንፋሽ ማንም ስም ቢያወጣለት ረጅም ትንፋሽ ነው። ግን የሰውን ቅርስ በምስጢር ስም ውድ አድርጎ መሸጥ ያመኛል። አንቲ አንዲት ሳንቲም አልጠየቁኝም።

ታዲያ ለምን ይሠራል? እንደ ገባኝ ላስረዳ። አየር ስናስገባ የልብ ምታችን ትንሽ ይፈጥናል፤ ስናወጣ ትንሽ ይዘገያል። ጣታችሁን የእጅ አንጓችሁ ላይ አድርጋችሁ ሞክሩት፤ ብዙ ሰው ላይ ይታወቃል። ስለዚህ የሚወጣው ትንፋሽ ከሚገባው ሲረዝም ሰውነታችን ወደ ማረፉ ያዘነብላል። አዋቂ ሰው ዝም ብሎ ሲቀመጥ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። በአራት ሰከንድ አስገብታችሁ በስምንት ስታወጡ አምስት ጊዜ ብቻ ይሆናል። አማርኛችንም ያውቀዋል። ሸክም ስናወርድ «እፎይ» እንላለን፤ እፎይ እኮ ራሱ ረጅም ትንፋሽ ማውጣት ነው።

አሁን እኔ እንዴት እንደማደርገው ልንገራችሁ። እቀመጣለሁ፤ ጫማዬን አወልቃለሁ፤ እጄን ሆዴ ላይ አደርጋለሁ። አፌን ዘግቼ በአፍንጫዬ እስከ አራት አስገባለሁ። ደረቴ ሳይሆን ሆዴ ነው የሚነሣው። ከዚያ በአፌ «ሃ» እያልኩ እስከ ስምንት አወጣለሁ። መጀመሪያ ላይ ስምንት ሩቅ ነው። እኔ ሁለት ሳምንት ያህል በሦስት አስገብቼ በስድስት ነበር የማወጣው። ዋናው እጥፍ መሆኑ ነው። ትንፋሽ አፍኖ መያዝ የለም፤ ሲያልቅ ሰውነታችሁ ራሱ የሚቀጥለውን እስኪጠይቅ መጠበቅ ብቻ ነው። አራት ዙር አድርጌ አቆማለሁ። ካነሰኝ አራት እጨምራለሁ። ማዞር ከመጣ አቁሙና እንደ ወትሮው ተንፍሱ፤ መታገል አያስፈልግም።

በጣም የረዳኝ ግን ደህና በሆንኩበት ሰዓት መለማመዴ ነው። ጭንቀቱ ከመጣ በኋላ ሀ ብሎ መጀመር ከባድ ነው። እኔ ልጄን ሳጠባ፣ ቀይ መብራት ላይ ቆሜ፣ ሩዙ እስኪበስል ስጠብቅ ነበር የማደርገው። ከወር በኋላ የሌሊቱ ስምንት ሰዓት መጣና አልፎኝ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ጨርሶ አልመጣብኝም አልልም። ሲመጣ ግን አውቀዋለሁ፤ ኤካሂ ከማለት ይልቅ አሁን አንድ፣ ሁለት እላለሁ፤ ቁጥሩ በአማርኛም ይሠራል።

ሲነጋ ደግሞ ለብርታት የማደርገው አለ። ይሄ አጠር ያለ ነው። ከፈረቃ ስወጣ መኪና ማቆሚያው ላይ ቆም እላለሁ። ከኮኦላው ተራሮች በኩል ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ ፊቴን ይመታኛል። እግሬን ከፈት አድርጌ፣ ጉልበቴን ሳልገትር፣ በአራት አስገብቼ በአራት አወጣለሁ፤ እኩል ለእኩል። «ሃ» ስል ድምፄን ትንሽ ከፍ አደርገዋለሁ። አሥር ጊዜ ይበቃል። ዓይኔ ይገለጣል። ቀድሞ አምስት ስኒ ቡና ነበር የምጠጣው፤ ለልብ ምቴም አንዱ ጠላት እሱ ነበር። እዚህ የኮና ቡና የሚባል ዝነኛ ቡና አለ። ኮና ላይ የተተከለው እ.ኤ.አ. በ1828 ነው፤ ዘሩ መነሻው የእኛው አገር ስለሆነ ስጠጣው ደስ ይለኛል። አሁን አንድ ስኒ እጠጣለሁ፤ እሷንም ማታ ወደ ሥራ ስገባ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ለዋናተኞች። ባህር ወይም ገንዳ ውስጥ ከመጥለቅ በፊት በፍጥነት አትተንፍሱ። ሰው ውኃ ውስጥ ሳያስበው ራሱን ይስታል፤ በዚህ የሚሞት አለ። አስም ወይም የልብ ሕመም ያለበት፣ ነፍሰ ጡርም የሆነች፣ ሐኪሟን አስቀድማ ትጠይቅ። መድኃኒት የታዘዘለት ሰውም መድኃኒቱን እንዳያቆም። እኔ ከትንፋሹ ጎን ለጎን የሐዘን ምክር የምትሰጠኝ ባለሙያ ጋ ስድስት ወር ሄጃለሁ፤ ሁለቱም ረድተውኛል።

አንቲ ባለፈው ዓመት አረፉ። ልጆቻቸው ከበዋቸው ነበር። እኔ ፈረቃ ላይ ስለነበርኩ ከበሩ አጠገብ ቆሜ አየሁ። አንድ በአንድ እየቀረቡ ግንባራቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ተነፈሱ። የመጨረሻዋ ልጃቸው ዞር ስትል አየችኝና በእጇ ጠራችኝ። ሄድኩ። ግንባራቸው ሞቅ ያለ ነበር።

እህቴ ጅዳ በሰው ቤት ነው የምትሠራው። ለአባታችን ቀብር እሷም አልደረሰችም። በቀደም ማታ ደወለችልኝ። ደረቴን ያፍነኛል፣ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል አለች። ሐኪም ማየት እንዳለባት ነገርኳት፤ አሠሪዋን እንዴት እንደምትጠይቅም ተመካከርን። ድምፅ ማሰማት አትችልም፤ ክፍሏ ከልጆቹ ክፍል ጋር በስስ ግድግዳ ነው የሚለየው። «መዳፍሽን አፍሽ ጋ አድርጊና ሙቀቱ እስኪሰማሽ ሃ በይ፤ ድምፅ አያስፈልግም» አልኳት። እኔ ቆጠርኩላት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። በስልኩ ውስጥ ትንፋሿ ብቻ ይሰማኛል። መጀመሪያ አጭር ነበር። ሁለተኛውም አጭር ነበር። አራተኛው ላይ ሄደ፣ ሄደ፣ ሄደ።

«እንደገና» አልኳት።